ከባለቤቱ የሚያንስ ልብስ

ካናቴራ ከሚለብሰው ሰው አሳንሰው ከሚሰፏቸው ልብሶች አንዱ ነው። አብዛኛው ልብስ መተንፈሻ ይተውለታል፤ ለሸሚዝ ደረት ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ይጨመራል፣ ለኮት ደግሞ ከዚያም በላይ። ገላ ላይ ልክክ እንዲል የታሰበ የካናቴራ ፓተርን (የልብሱ ቅድ የተነደፈበት ወረቀት) ግን ደረቷ 96 ሳንቲሜትር ለሆነች ሴት 90 ሳንቲሜትር ጨርቅ ቁረጪ ቢላት አያፍርም።

አክስቴ ይህን ስነግራት ቀልድ መሰላት። ዕድሜዋን አዲስ አበባ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ ደንበኛ ከደጅ ሲገባ በዓይኗ ለክታ የምትጨርስ ሴት ናት፤ ሜትሩን ከአንገቷ የምታወርደው ለይሉኝታ ያህል ነው። ሜሪላንድ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኬ ወረቀት በፕላስተር ስቀጣጥል አገኘችኝ። የዛሬ ፓተርን በኢሜይል ይመጣል፤ የገዛው ሰው በተራ ማተሚያ ያትመዋል፣ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ገጽ ከገጽ አጋጥሞ ይለጥፋል።

«ጨርቁ የታለ?»

«መጀመሪያ ወረቀቱ ነው እቴቴ።»

«ለወረቀት ነው እንዴ ልብስ የምትሰፊው?»

ልኬቱን ስታይ ደግሞ ባሰባት። «ማነው እንዲህ አሳንሰሽ ቁረጪ ያለሽ?»

መልሱ ረጅም ነው። በ1589 (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም አጠገብ፣ ካልቨርተን በምትባል መንደር፣ ዊሊያም ሊ የተባለ ሰው ካልሲ የሚሠራ መኪና ፈለሰፈ። ቄስ ነበር ይላሉ። የወደዳት ልጅ ከሹራብ መርፌዋ ቀና አልል ብላው፣ ተናዶ ነው የሠራው የሚል ወሬም አለ፤ ባይረጋገጥም ደስ የሚል ወሬ ነው። ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የፈጠራ መብቱን ከለከለችው፤ ምክንያቷም ሹራብ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድሆቼን ለማኝ ታደርግብኛለህ የሚል ነበር ይባላል። ሊ መኪናውን ይዞ ፈረንሳይ ገባ፤ እዚያም ሳይቀናው ሞተ። ዛሬ ቲሸርት የሚሠራበት ጨርቅ የዚያ የካልሲ መኪና የልጅ ልጅ ነው።

ሽሮ ሜዳ ሽማኔ ሲሠራ ያየ ሰው የጨርቁ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ጋቢ ድርና ማግ ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ይቆማል፣ ማጉ ያቋርጠዋል፣ ክሩ መሄጃ የለውም። የሹራብ ጨርቅ ላይ ግን ክሩ ቀለበት እየሠራ በቀለበት ውስጥ ይገባል። ሲጎትቱት የሚረዝመው ክሩ አይደለም፤ ቀለበቱ ቅርጹን ይለውጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። አሳንሶ መቁረጥ የተቻለውም ለዚህ ነው።

ይህ ጨርቅ በአመዛኙ ጓዳ ውስጥ የኖረ ነው፤ ካልሲና የውስጥ ልብስ ሆኖ። ኮኮ ሻኔል በ1916 ከሮዲዬ ፋብሪካ ለውስጥ ልብስ የታሰበ ጀርሲ የተባለ የሹራብ ጨርቅ ገዝታ ለፓሪስ ወይዛዝርት የላይ ልብስ ስትሰፋበት ድፍረት ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቲሸርትን ለመርከበኞቹ የሰጠው በ1913 ነው፣ እሱም ከዩኒፎርም ሥር እንዲለበስ። አደባባይ ያወጣው ተዋናዩ ማርሎን ብራንዶ ነው፤ «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» በተባለው የ1951 ፊልም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ የምወደው ግን ይህን ነው፦ ያኔ ገላ ላይ ልክክ የሚል ቲሸርት በሱቅ አይገኝም ነበርና የብራንዶን ቲሸርት ደጋግመው አጥበው፣ ጀርባውን ሰፍተው ነው ያጠበቡለት። ዓለም የቀናበት ካናቴራ የልብስ ሰፊ እጅ የገባበት ነው ማለት ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ የራሷን ደንበኛ ሲያወሩላት ያህል ኮራች።

ወረቀቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ስተርሊንግ በምትባል ከተማ የሚሰፋ ኤቤኔዘር ባተሪክ የተባለ ሰው በ1863 አንዱን ልብስ በተለያየ ልክ የሚያወጣ የወረቀት ፓተርን መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ፓተርን ሲገኝ በአንድ ልክ ብቻ ነበር፤ ቀሪው የገዢው ጣጣ ነው። ግን የባተሪክም ወረቀት የታሰበው ለሚሸመን ጨርቅ ነበር። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የቤት ፓተርንና የሹራብ ጨርቅ እምብዛም ሳይተዋወቁ ኖሩ። የያኔው የቤት መኪና በአብዛኛው ቀጥ ያለ ስፌት ነበር የሚሰፋው፤ ልብሱን በጭንቅላት ሲያጠልቁት ጨርቁ ይለጠጣል፣ ክሩ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ጧ። ፋብሪካዎቹ ስፌቱ ከጨርቁ ጋር የሚለጠጥ፣ ኦቨርሎክ የሚባል መኪና ስለነበራቸው ችግሩ አልነካቸውም።

ያስታረቀቻቸው አን ፐርሰን የምትባል የኦሪገን ሴት ናት። በ1960ዎቹ ለቤት እመቤቶች ያስተማረችው ዘዴ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ጨርቁን ከመርፌው ፊትና ኋላ ይዞ ወጠር እያደረጉ መስፋት። ድርጅቷን «ስትሬች ኤንድ ሶው» አለችው፤ ሱቆቹና ትምህርቱ በየከተማው ተስፋፉ። አክስቴ «ማነው አሳንሰሽ ቁረጪ ያለሽ?» ብላ ለጠየቀችኝ ጥያቄ በስም መልሺ ከተባልኩ የምጠራው የእሷን ነው።

ይለጠጣል ማለት ግን ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። የሹራብ ጨርቅ ለሆድና ለደረት ይቅር ባይ ነው፤ ለትከሻ ግን አይደለም። የታወቁት ፓተርን አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ የሚነድፉት መጠነኛ ጡት ላላት ሴት ነው። ጡቷ ከዚያ ተለቅ የሚል ሴት በደረቷ ዙሪያ ልክ ከመረጠች ደረቱ ይሆናታል፣ ትከሻው ወደ ክንዷ ይወርዳል፣ አንገቱ ይከፈታል። መፍትሔው ሜትሩን ከጡት በላይ በብብት ሥር አዙሮ በዚያ ልክ መምረጥ፣ ከዚያ ጡቱ ላይ ብቻ መጨመር ነው። ይህን እኔ ከመጽሐፍ ተማርኩት። አክስቴ ሁለት ጣቷን ትከሻዬ አጥንት ላይ አሳርፋ «ልብሱ የሚንጠለጠለው እዚህ ነው፣ ሌላውን ተዪው» አለችኝ፤ ስትሰፋ የኖረችው ግን ሹራብ አልነበረም።

አንገቱ ላይ ግን እኔ አስተማርኳት። የአንገቱ ቀዳዳ ዙሪያው 50 ሳንቲሜትር ከሆነ የሚዞርበት ቅዳጅ 43 ያህል ብቻ ይቆረጣል። ሁለቱንም አራት ቦታ በስፒል ከፍሎ፣ ስፒል ከስፒል አገናኝቶ፣ ሲሰፉ ቅዳጁን ብቻ መጎተት ነው። እኩል ከተቆረጠ ተዘርጥጦ ይቀራል፤ ከመጠን በላይ ካጠረ ደረቱን ይሸበሽባል። አክስቴ መነጽሯን አውርዳ የተተኮሰውን አንገት አገላበጠችና «እሺ» አለች። ከእሷ አፍ እሺ ትልቅ ነው።

ለምን ይህን ሁሉ ታለፋለሽ የሚሉኝ አሉ፤ ሱቅ ያለው ቲሸርት ከእኔ ጨርቅ ይረክሳልና። የሚረክስበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ከተመረቀ በኋላ እዚያ የተሰፋ ልብስ አሜሪካ ይደርስ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል በ2019 ባወጣው ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በፋብሪካ ደንብ አንዷ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ስትገጥም ትውላለች፣ ሌላዋ ጎን። ስለዚህ እኔ ስሰፋ ቆጠብኩ አልልም፤ ካናቴራ ሲሰፋ ስንት እጅ እንደሚፈልግ ግን አውቃለሁ።

ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የጥጥ ሹራብ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሳትቆርጡ እጠቡት። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ግዙ፤ ሹሉ ክሩን ይበሳና ልብሱ ከጊዜ በኋላ በስፌቱ ዳር ይቀዳደዳል። የመኪናችሁን ዚግዛግ ስፌት ጠበብ አድርጉት። ፓተርኑ ግማሽ ያህል የሚለጠጥ ጨርቅ ካለ፣ 10 ሳንቲሜትር ይዛችሁ ስትጎትቱት 15 ያልደረሰውን ለባለሱቁ መልሱለት። የመጀመሪያውን ደግሞ በርካሽ ጨርቅ ስፉት፤ ውዱን ትከሻው ሲስተካከል ትገዛላችሁ።