ከማውሱ በፊት የልጁን ቃል

30 ዓመት ያህል በነርስነት ስሠራ ለአዳዲስ ነርሶች ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ «በሽተኛው የሚላችሁን ሳትሰሙ በሽታውን አትሰይሙ» እላቸው ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይህንኑ ምክር በገዛ ቤቴ ረሳሁት።

ነገሩ የኮምፒውተር ማውስ ነው። ልጄ አሮጌ ኮምፒውተሩን ሲሰጠኝ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነበትና ገመድ አልባ ማውስ ጨመረልኝ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ የሟች ባለቤቴን ፎቶዎች በየዓመታቸው እለያለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የ12 ዓመት የልጅ ልጄ ይጫወትበታል።

አንድ ሰሞን ማውሱ ያስቸግረኝ ጀመር። ቀስቱ እየሄደ ድርቅ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ይነሣል፤ እንደገና ይጠፋል። ልጁ አንድ ቀን ማውሱን ከጠረጴዛ ላይ ሲጥለው አይቼ ስለነበር ሌላ ምክንያት አልፈለግሁም። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ ስጫወት እኮ ደህና ነው» አለኝ።

ሰበብ መሰለኝና ኮምፒውተሩን እንዳይነካ ከለከልኩት። እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ ወጣ።

በማግስቱ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ከተትኩበት፤ ለውጥ የለም። ለልጄ ደወልኩለት። «ሊኑክስ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ሥራ የፈታ የዩኤስቢ ዕቃን ያስተኛል፤ ምናልባት እሱ ይሆናል» አለኝና በስልክ እየመራኝ ማስተኛቱን አስቆምነው። እሱም አልፈታውም። ያልጠቀመ መድኃኒት አይቀጥልምና ወደነበረበት መለስነው።

ያኔ የድሮ ልማዴ መጣ። ደብተር አውጥቼ እንደ በሽተኛ ካርድ መመዝገብ ያዝኩ፤ ሰዓቱን፣ ምን እየሠራሁ እንደነበር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንደተሰካ። በአራተኛው ቀን ገጹን ሳየው ደነገጥኩ። ማውሱ የሚጠፋው ፎቶዎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ብቻ ነው። ልጁ ሲጫወት ግን ሃርድ ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለካ ዋናውን ምልክት ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል።

ልጄ እንዳስረዳኝ፣ ዩኤስቢ 3 የሚባለው ፈጣን መሰኪያ መረጃ ሲያስተላልፍ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል። ብዙ ገመድ አልባ ማውሶች የሚሠሩትም በዚያው ሞገድ ነው። የእኔ ማውስ ትንሿ መቀበያ ከሃርድ ዲስኩ ጎን ተሰክታ ስለነበር፣ ጆሮው ሥር እየተጮኸበት የሌላውን ንግግር መስማት እንዳቃተው ሰው ሆና ነበር። መድኃኒቷ አንድ ሜትር የማትሞላ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ሆነች። በእሷ መቀበያዋን ከሃርድ ዲስኩ አርቄ ማውሱ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ከዚያ ወዲህ ማውሱ አልጠፋም።

ለማውሱ ገመድ በቃው፤ ለልጁ ግን አይበቃም። ጠርቼ ደብተሩን አሳየሁትና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስትነግረኝ አልሰማሁህም። ይቅር በለኝ» አልኩት። እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም፤ ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ከበደኝ። እሱ ደብተሩን ትክ ብሎ አየና፣ «እማማ፣ እኔም እኮ ጥዬው ነበር» አለኝ።

እናንተም ቤት ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ ልጁን ምን እንዳየ ጠይቁት። ቁጣው ምንጊዜም ይደርሳል።