ስለ እንጨት ልባጥ ጥበብ

የእጅ ጥበብ ከአገር ወደ አገር በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ አንደኛው በሰላም፥ ሁለተኛው በጦርነት ነው። በሰላም የሄደው ከነምስጢሩ ይደርሳል፤ በጦርነት የመጣው ግን ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ ጥሎ ይመለሳል።

ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም፥ እንዲሁም በቡሬ ከተማ፥ ከጸራቢ ቤት ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን በጆሮው ይሰማዋል። ማጣበቂያው ኮላ፥ መያዣው ሞርሳ፥ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፥ ተደራርቦ የተጣበቀው ስስ ሳንቃ ኮምፔንሳቶ፥ ከአልጋ አጠገብ የምትቀመጠው ባለመሳቢያ ሣጥን ኮሞዲኖ ይባላሉ። ሁሉም የኢጣልያ ቃሎች ናቸው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ወርሮ በቡሬ መሽጎ ነበር፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ምሽጉን ጥሎ ሸሸ። ቃሎቹ ሁሉ በዚያው ዘመን ገቡ ባይባልም፥ እርሱ ሲሄድ እነርሱ ቀርተዋል። የቀረው ግን ስም እንጂ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ጥበብ አይደለም።

የዚያ ጥበብ አለቃ ጁዜፔ ማጆሊኒ ይባላል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1738 ዓ.ም. በሚላኖ አጠገብ በፓራቢያጎ ተወለደ። አባቱ የመነኰሳት ደን ጠባቂ ነበረ፤ ልጁም የእንጨት ሥራን ከዚያው ከገዳሙ ተማረ። በተወለደበት ዓመት ከእሳተ ገሞራ በታች የተቀበረችው ጥንታዊቱ ከተማ ሄርኩላኔም መቈፈር ጀመረች፤ ቀጥሎም ፖምፔይ ተቈፈረች። ከዚያ ወዲህ የኤውሮፓ ሰዎች የጥንቱን የሮማን ሥራ እየተመለከቱ፥ የተጠማዘዘውን የቤት ዕቃ ትተው ቀጥ ያለውንና ልኩ የተመጠነውን ወደዱ። ማጆሊኒም በዚህ ሥርዓት ለሚላኖ ገዥ ለአርክዱክ ፈርዲናንድ ብዙ ዕቃ ሠራ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ልዩ ልዩ መልክ ያለው እንጨት እንደ ብራና በስሱ ይሰነጠቃል፤ በቀጭን መጋዝ እንደ ሥዕሉ ይቈረጣል፤ ጥላ የሚያስፈልገው ጫፍ በጋለ አሸዋ ተነክሮ ይጠቁራል፤ ከዚያም ቍራጩ ከቍራጭ ጋር ተጋጥሞ በኮላ በሣጥኑ ፊት ላይ ይለበጣል። ማጆሊኒ 86 ዓይነት እንጨት ይጠቀም እንደ ነበረ ይነገራል፤ አበባውን፥ ማሰሮውንና የሰውን ፊት የሚሥለው በእንጨቱ በራሱ መልክ ነበርና።

ነገር ግን ቅኔ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይጠይቃል። በቅኔ ሰሙ ከውጭ፥ ወርቁ ከውስጥ ነው፤ በዚህ ሥራ ግን ወርቁ ከውጭ ሆኖ ተራው እንጨት ከውስጥ ተሰውሯል። ታዲያ ይህ «ውስጡን ለቄስ» ከሚባለው በምን ይለያል? መልሱ ከጸራቢው ዘንድ ይገኛል። የውስጡ ሳንቃ በደንብ ካልደረቀና ቀጥ ካላለ፥ ውሎ አድሮ ይጣመማል፤ በላዩ ያለውም ጌጥ ይሰነጠቃል፥ ይላቀቃል። ስለዚህ ማንም የማያየው ሥራ ሁሉም የሚያየውን ተሸክሞ ይኖራል። ንጉሥ ሰሎሞንም የዝሆን ጥርሱን ዙፋን በወርቅ ሲለብጠው ሊያታልል አልነበረም። ልባጥ ሐሰት የሚሆነው ውስጡ ሲበሰብስ ነው።

ጎጃም ለዚህ ሥራ የሚሆን ቀለም አላጣችም። ዝግባው ነጣ ያለ ብጫ፥ ጽዱ ቀላ ያለ፥ ዋንዛው ቡናማ፥ ወይራው ጠቆር ብሎ ዥጕርጕር ነው። የቅኔ ሊቃውንት «ውስጠ ወይራ» ብለው ለምስጢር ስም ያወጡለት ዛፍ በጸራቢ ዘንድ ለማገዶ ብቻ ሊታሰብ አይገባውም። ዳሩ ግን ደጋው በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ፥ የአገሩ ዛፍ በብዛት የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። ያንን መቍረጥ አይገባም፤ መትከል ግን ይገባል። ደግሞም ልባጥ ቍጠባ ነው፤ አንድ ግንድ ሳንቃ ቢሆን ለጥቂት ሣጥን የሚበቃው፥ በስሱ ቢሰነጠቅ ለብዙ ሣጥን ፊት ይበቃል።

ከዛፉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን የሠራተኛው ክብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሰው እንዳይሰደብ በዐዋጅ አዘዙ፤ ንቀቱ ግን ከዐዋጁ በኋላም ብዙ ዕድሜ አገኘ። በፓራቢያጎ የደን ጠባቂው ልጅ ስሙን በሥራው ላይ ይጽፍ ነበር። የእርሱም ዘመን አልፏል፤ በ1796 ዓ.ም. የናፖሌዎን ጦር ሚላኖ ሲገባ አርክዱኩ ሸሸ፥ የሰውም ምርጫ ተለወጠ፤ እርሱም በ1814 ዓ.ም. ሞተ። ስሙ ግን ከሣጥኖቹ ጋር በየሙዚየሙ ይኖራል። በጎጃም ግን የስንቱ በር፥ የስንቱ መንበር፥ የስንቱ አትሮንስ ጸራቢ ስሙ ሳይታወቅ ቀረ! ልጁን ወደ ቅኔ ቤት የሚልክ አባት ሌላውን ልጁን ወደ ጸራቢ ቤት ሲልክ የማያፍርበት ቀን፥ ኮላና ሞርሳ የባዕድ ቃል መሆናቸው ይቀርና የአገር ጥበብ ይሆናሉ።