የከፈልኩበትን ማን ይከፍትልኛል?

ቦንጋ ላይ መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚሰማው የጄነሬተር ድምፅ ነው። ፀጉር ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ቢራው እንዳይሞቅበት የሰጋው ግሮሰሪ፣ ሁሉም በየደጁ ያንደቀድቃል። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ ቦንጋ ያለችበት የከፋ ዞን የኦሞ ወንዝ ጎረቤት ነው፣ በዚያው ወንዝ ላይ ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 ተገድቧል። ለነገሩ ኃይል ማመንጨትና ሳይቆራረጥ ከየቤቱ ማድረስ ለየቅል ናቸው።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ጄነሬተሩን ስለሚጠግነው ሰው ነው። ያቺን ገመዷ ተስቦ የምትነሳውን ትንሽ የቤንዚን ጄነሬተር ታውቋታላችሁ። አልነሳም ስትል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቷ ያው ነው፤ ወይ ካንዴላዋ ጠቁሯል፣ ወይ የከረመ ቤንዚን ካርቡራተሯን ደፍኖታል። የሰፈር መካኒክ ይፈታታል፣ ያጥባታል፣ ያስነሳታል። ማንንም አያስፈቅድም።

ትልልቆቹና አዳዲሶቹ ጋ ስንደርስ ነገር ይለወጣል። መብራት ሲሄድ በራሳቸው የሚነሱት ጄነሬተሮች መቆጣጠሪያ ሰሌዳቸው ኮምፒውተር ነው። የዘይት ግፊት ቢወርድ ወይም አንድ ሴንሰር ቢሳሳት ኮድ አውጥቶ ሞተሩን ያጠፋል። አንዳንዱ ሰሌዳ ያለ ይለፍ ቃል ወይም ያለ አምራቹ ሶፍትዌር ውስጡን አያስነካም። ይለፍ ቃሉ ለወኪል ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ወኪሉም አዲስ አበባ ከሆነ፣ መካኒካችን መፍቻውን ይዞ ቆሞ ያያል። አዲስ አበባ ደግሞ ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይህ በቡና ለቀማ ወቅት ቢሆንስ? የሚታጠብ ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ክምር ሆኖ ካደረ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። መፈልፈያውን የሚያዞረው ጄነሬተር ኮድ አውጥቶ ቢቆም ባለቤቱ ወኪሉን ይጠብቅ ይሆናል፤ ቡናው ግን አይጠብቅም።

አምራቾቹ «ለደህንነታችሁ ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ በስህተት የተገጠመ ጄነሬተር ኃይሉን ወደ መስመሩ መልሶ ምሰሶ ላይ ያለን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ግን መካኒኩን ማሠልጠንና መመሪያውን መስጠት እንጂ መደበቅ አይመስለኝም።

ሌላውም ዓለም በዚሁ ተጨቃጭቋል። የጆን ዲር ትራክተር የገዙ አሜሪካውያን ገበሬዎች «የገዛነውን ራሳችን እንጠግን» ብለው ዓመታት ተሟግተዋል። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 የእርሻ መሣሪያ አምራቾች የጥገና መመሪያና ሶፍትዌር ለባለቤቶችና ለገለልተኛ ጠጋኞች እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። እኛም አገር ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ ኤሌክትሪኩ ስለበዛ ጥያቄው ከጄነሬተር አልፎ ጋራዥ መግባቱ አይቀርም።

እስከዚያው በእጃችን ያለው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ለሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁት፤ ይለፍ ቃሉ ለእኔ ይሰጠኛል? የጥገና መመሪያው አብሮ ይመጣል? የቦንጋ መካኒክ ቢከፍተው ዋስትናዬ ይቀራል? መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ካንገራገረ፣ ያችን ባለገመዷን ግዙ።