ማንም ብዙ ያልጠበቀባቸው ካርቱኖች

በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ስለምሠራ በታወቀ ስም የሚወጣ ሁለተኛ ምርት ሳይ ቶሎ እጠረጥራለሁ። በዱቄት ስም ያተረፈ ፋብሪካ አንድ ቀን ብስኩት ይዞ ብቅ ሲል፣ እርስዎ ብስኩቱን የሚገዙት ዱቄቱን አምነው ነው። ብስኩቱ ግሩም እንዲሆን ማንም አይጠብቅም፤ ስሙን ካላሰደበ ይበቃል። ሲኒማ ቤት የተወደደ የቤተሰብ ፊልም ወደ ቴሌቪዥን ካርቱን ሲለወጥም ነገሩ ይኸው ነው። አንዱ ፊልም ወጥቶ ቀጣዩ እስኪደርስ ሦስትም አራትም ዓመት ያልፋል። በዚያ መሐል ልጆች ገጸ ባሕርያቱን እንዳይረሱ፣ አሻንጉሊቱና የትምህርት ቤት ቦርሳው ገበያ ላይ እንዲቆይ ካርቱን ይሠራል። በጀቱ ትንሽ፣ ሥራው ጥድፊያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ታዋቂዎቹ ተዋንያን ድምፃቸውን አይሰጡም።

ጥርጣሬው መሠረት አለው። ዲዝኒ በ1992 «አላዲን»ን ለሲኒማ ካበቃ በኋላ (የፊልሞቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በ1994 «ዘ ሪተርን ኦፍ ጃፋር» የተባለውን ተከታይ በቀጥታ በቪዲዮ ካሴት ለገበያ አቀረበ። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ጂኒውን ሕይወት የሰጠው የሮቢን ዊሊያምስ ድምፅ በዚህኛው የለም፤ ሥዕሉም የሳሳ ነው። ካሴቱ ግን ገበያ ላይ ደራ። ኩባንያው ከዚህ ምን እንደተማረ ለመገመት የቢዝነስ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ በዚሁ መንገድ የወጡት ተከታዮች ብዛት ራሱ ይናገራል።

ታዲያ ከእነዚህ መሐል አንዳንዶቹ ከተጠበቀው በላይ ጥሩ ሆነው ሲገኙ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ጊዜ ስላላቸው። ፊልም መቶ ደቂቃ ቢኖረው ነው። ጠላት ይሸነፋል፣ ሙዚቃው ይሞቃል፣ ያልቃል። ካርቱኑ ግን ከድግሱ ማግስት ይጀምራልና ድስቱን ማን ያጥባል የሚለውን ማሳየት ግዴታው ነው።

«ሀው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን»ን ያውቁት ይሆናል። ድሪምወርክስ በ2010 ያወጣው ሲሆን ርዝመቱ 98 ደቂቃ ነው። ሂከፕ የተባለ ቀጭን ልጅ፣ መንደሩ ሁሉ የሚገድላቸውን ዘንዶዎች መግደል አቅቶት ከአንዱ ጋር ይወዳጃል። በመጨረሻው ጦርነት ሰውና ዘንዶ አብረው ይሰለፋሉ፤ በማግስቱ መንደሩ በሰላም ሞልቶ እናያለን። ሂከፕ ከአልጋው ሲነሣ ግራ እግሩ የለም። በብረት እግሩ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ወዳጁ ዘንዶ ይደግፈዋል፣ ከዚያ ሁሉም ይበራል። ፊልሙ ለዚያ እግር የሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

«ድራገንስ» የተባለው ተከታታይ በ2012 በካርቱን ኔትወርክ ጀመረ፤ ኋላ ወደ ኔትፍሊክስ ተዛውሮ «ሬስ ቱ ዘ ኤጅ» በሚል ስም እስከ 2018 ቀጠለ። ሲደመር 118 ክፍል ነው፤ ከ40 ሰዓት በላይ። የመጀመሪያው ክፍል ያ በፊልሙ ያየነው ሰላም ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል። ዘንዶዎቹ ዓሣ ይሰርቃሉ፣ ጣሪያ ያፈርሳሉ፣ ሌሊት ሰው አያስተኙም። ሚልዱ የተባለ ነጭናጫ ሽማግሌ «ይታሰሩ!» እያለ አቤቱታ ያቀርባል፤ እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ልጆቹ ዘንዶ ማሠልጠኛ የሚከፍቱት ዓለምን ለማዳን ሳይሆን ጎረቤት እንዲያድር ነው። የሥዕሉ ጥራት ከፊልሙ ጋር አይወዳደርም፤ የሂከፕ አባት ድምፅም የጄራርድ በትለር አይደለም። ግን ከሦስት አራት ክፍል በኋላ ይህን ልብ የሚል ልጅ አላየሁም።

ይህን ሁሉ የማውቀው በምርጫዬ አይደለም። እኔ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ቤተሰቤ ያለው ጉንደ ወይን። በ2016 ዓ.ም. የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ወደ ቤተሰብ ስሄድ ከስኳርና ከዘይት እኩል የሚጠበቅብኝ ፍላሽ ነበር። የእህቴ ልጆች ሁለት ናቸው፤ ያኔ ትልቁ ስምንት፣ ትንሿ ስድስት ዓመታቸው። ፊልም ይዤ ብሄድ በአንድ ምሽት ያልቃል። ስለዚህ ፊልም ከሚጭን ቤት ገብቼ «ረጅም የሆነ ነገር ስጠኝ» አልኩት። (የቅጂ መብቱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ ይለፈኝ።) የሰጠኝ ይህንኑ ነው። መብራት ባለ ጊዜ በቀን ሁለት ክፍል፣ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ትልቁ ልጅ ያልገባውን እየሞላ ለትንሿ በአማርኛ ይተርክላታል። አንዳንዴ የእሱ ታሪክ ይሻላል።

አባቴ ማታ ማታ እነሱ ዘንድ ቡና ይጠጣል። ካርቱን የሚባል ነገር ደንታ የማይሰጠው ሰው ነው። አንድ ቀን ግን ፊልሙን ከልጆቹ ጋር እስከ መጨረሻው አየና «ይሄማ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ታረቁ» ብሎ አጣጣለው። ተከታታዩን ያልናቀው ለዚህ ይመስለኛል። እዚያ ውስጥ ዳጉር የሚባል ቀውስ ጠላት አለ፤ ወዳጅ እስኪሆን ድረስ ስንትና ስንት ክፍል ያልፋል። ይበድላል፣ ይታሰራል፣ ይመለሳል፣ አይታመንም፣ እንደገና ይመጣል። አባቴ በዚህ ላይ አስተያየት ባይሰጥም ቡናው ካለቀ በኋላ መቀመጥ ጀመረ።

አባቴ ቀኝ እግሩን ያጣው በ1991 ዓ.ም. በጦርነቱ ነው። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። በቤታችን ስለዚያ እግር አይወራም። ክልከላ የለም፤ ግን ማንም አያነሣውም። ልጆቹም ከእኛ አይተው ዝምታውን ለምደውት ነበር። ትንሿማ በዚያ በኩል አትቀመጥም።

ተከታታዩ የሂከፕን እግር እንደ ፊልሙ አያልፈውም። በየክፍሉ አለ። ብረት ነው፣ ይሰበራል፣ ይጠገናል፣ ይቀልዱበታል፤ ዋና ነገር አይደለም፣ የተደበቀም አይደለም። ከስንተኛው ክፍል በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፣ አንድ ምሽት በረዷማ ደሴት እያዩ ሳለ ትንሿ ዞር ብላ «አባባ፣ ሲበርድ እርስዎም እግርዎ ይቀዘቅዛል?» አለችው። እህቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። እኔ ቴሌቪዥኑን አየሁ። አባቴ ግን ቅር አላለውም። «የምትዪው ብረቱን ነው? እሱማ አይሰማኝም» አላት። «የሚቀዘቅዘኝ የሌለው ነው። ጣቶቹ።» ልጅቷ ይህን በጣም ተገቢ መልስ አድርጋ ተቀበለችው። «ሂከፕም እንደዚያ ይሆን?» ብላ ወንድሟን ጠየቀችና ወደ ካርቱኗ ተመለሰች።

ሃያ አምስት ዓመት ያልጠየቅነውን ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ጠየቀች። ድራገንስ ይህን አስቦ አልተሠራም፤ አሻንጉሊት ለመሸጥ ነው የተሠራው። ግን አንድን አካል ጉዳተኛ ልጅ በ118 ክፍል ውስጥ እንደ ማንም ሰው ሲሮጥና ሲሳሳት ካሳዩት፣ ተመልካቹ ቃል ያገኛል። 98 ደቂቃ ለዚያ አይበቃም።

ሌላው ያስገረመኝ ተከታታይ ከ«ታንግልድ» የወጣው ነው። ፊልሙ የ2010 ሲሆን፣ ተከታታዩ ከ2017 እስከ 2020 ታይቷል። ማንዲ ሙርና ዛካሪ ሌቫይ ለዚህኛውም ድምፃቸውን ሰጥተዋል፤ ሙዚቃውም የፊልሙ ደራሲ የአለን ሜንከን ነው፣ ይህ ለቴሌቪዥን ካርቱን ብርቅ ነው። ሥዕሉ ከኮምፒውተር ቅርጽ ወጥቶ እንደ ተረት መጽሐፍ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ መጀመሪያ ርካሽ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ከፊልሙ አስበልጬ እወደዋለሁ። ራፑንዝል 18 ዓመት ግንብ ውስጥ ታስራ ቆይታ ወደ ወላጆቿ ቤተ መንግሥት ስትመለስ ፊልሙ ያበቃል። ተከታታዩ ደግሞ አባቷ ልጁን ዳግመኛ ላለማጣት ከከተማው ቅጥር እንዳትወጣ ሲከለክላት ያሳየናል። ከግንብ ወደ ግንብ! ንጉሡ ክፉ አይደለም፤ የሚወድ አባት ነው። ወላጅ ከሆኑ እዚያ ጋ ትንሽ ምቾት ይነሣዎታል።

ከዚያም ቫሪያን የሚባል ልጅ አለ። አባቱ በልጁ ሙከራ ምክንያት ድንጋይ በመሰለ ሙጫ ውስጥ ይቀራል። ልጁ በበረዶ ውሽንፍር ቤተ መንግሥት ድረስ መጥቶ ራፑንዝልን እርዳታ ይለምናል። እሷ ግን ያን ቀን ከተማዋን የማዳን ኃላፊነት ላይዋ ላይ ነው፤ አትሄድም። ልጁ ጠላት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። የእህቴ ልጅ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ቀን ሙሉ ተከራክሮኛል፤ በአብዛኛው የቫሪያን ጠበቃ ሆኖ።

ሁሉም እንዲህ ናቸው ማለቴ እንዳይመስልዎ። «ዘ ቦስ ቤቢ» በ2018 ያስከተለውን ተከታታይ ከሦስት ክፍል በላይ መቻል አቃተኝ። የማዳጋስካር ፔንግዊኖች ግን ሌላ ናቸው፤ በ2005ቱ ፊልም ጥግ ላይ የነበሩ አራት ወፎች በ2008 ማብቂያ የራሳቸውን ተከታታይ፣ በ2014 ደግሞ የራሳቸውን ፊልም አገኙ። ቁም ነገር አይፈልጉባቸው፤ ይሳቁ። «ዘ ላየን ጋርድ» ለትንንሾች ነው። ስለ ሲምባ ልጅ ስለ ኪዮን ሲሆን፣ በየንግግሩ የስዋሂሊ ቃል ጣል ያደርጋል። ልጆቹ የስዋሂሊውን ፉከራ እየጮኹ ግቢውን ሲዞሩ ደስም አለኝ፣ ቀናሁም። የኛ ልጆች በአማርኛ የሚፎክሩለት የካርቱን ጀግና ስንት ነው? በ1990ዎቹ መጨረሻ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር የጀመሩት «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በአነስተኛ አቅም ተሠርቶ ዓለም አቀፍ ሽልማት ድረስ ደርሷል። ያቺን ቀጭኔ ስንቶቻችን ይዘናት አደግን! ተከታይዋን የሚሠራ ሲገኝ ገንዘብ ያለው ድርጅት ሁሉ ስሙን ሊያስጠጋ ይገባ ነበር፤ ይህን የምለው እንደ ሙያ ሰው ነው።

ለልጆችዎ ምን ልክፈት ካሉኝ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በድራገንስ ይጀምሩ፤ ፊልሙን ግን አስቀድመው ያሳዩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች አብረው ይዩ፤ ከዚያ ቡና ቢያፈሉም ግድ የለም፣ ጆሮዎ እዚያው ይሁን። ታንግልድ ለዘጠኝና ለዐሥር ዓመት ይሻላል፤ በመጨረሻው ሲዝን የራፑንዝል የቅርብ ጓደኛ ካሳንድራ የምትሆነውን ለመቀበል ትንሽ ብርታት ይጠይቃል።

የእኛዎቹ ገና እዚያ አልደረሱም። ሁለተኛው ሲዝን ሊያልቅ ሁለት ክፍል ቀርቷቸዋል፤ ሦስተኛውን ለፋሲካ ይዤ እሄዳለሁ። አባቴ ባለፈው ስልክ ደውሎ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ከጠየቀኝ በኋላ፣ ሊዘጋ ሲል «ፍላሹን እንዳትረሳ» አለኝ።