የመታጠቢያ ቤት ጥቁር ሻጋታ፦ አዲስ አበባና ለንደን

ለንደን ያሉ ወዳጆቼ ቤት ስሄድ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። የገላ መታጠቢያው ገንዳ ከግድግዳው ጋር የሚገጥምበት ነጭ ሲሊከን በጥቁር ነጠብጣብ ተወርሷል። ባለቤቶቹ ንጽሕና ወዳዶች ናቸው፤ እንግዳ ከመጣባቸው ወለሉን ሳይወለውሉ ቡና አያፈሉም። ያቺ ጥቁር መስመር ግን ታሳፍራቸዋለች። ይህን የምጽፈው ኀፍረቱ ያለ ቦታው ስለገባ ነው። ሻጋታ የሚበቅለው ውሃ ሳይደርቅ በሚያድርበት ቦታ ነው፤ ንጹሕ ቤትም ካልደረቀ ይሻግታል።

አገር ቤት ለምን ብዙ አናየውም?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በበጋ አየሯ ደረቅ ነው፤ ጠዋት የታጠበ ልብስ ለምሳ ይደርሳል። የብዙ ቤቶች ሻወር ከጣሪያው ሥር ትንሽ መስኮት አለው፤ ቤቱም በማሞቂያ አይታፈንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ገላውን ለረጅም ጊዜ በሙቅ ውሃ የሚያስመታ ሰው ጥቂት ነው።

ከአየሩ ሌላ ልማዱም አለ። ታጥቦ የወጣ ሰው ወለሉ ላይ የተኛውን ውሃ በጎማ መጥረጊያ ወደ ፍሳሹ ይገፋል። ይህን ሳያደርግ የወጣ ልጅ እናቱ ጠርታ ትመልሰዋለች። ፎጣው ውጭ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ በሩም ክፍት ይቀራል። ያደግንበት ይህ ሥርዓት ሻጋታን ለመከላከል የሚያስፈልገውን ዋና ሥራ ሲሠራልን ኖሯል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ግን እዚያም ቁምሳጥኑ ይታፈናል፣ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ ይሻግታል። ልዩነቱን የሚያመጣው እርጥበቱ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

እዚህ ምን ተለወጠ?

እንግሊዝ አገር ክረምቱ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። የማሞቂያው ሂሳብ ስለሚከብድ መስኮት ይዘጋል። ልብስ ቤት ውስጥ፣ ማሞቂያው ላይ ይደርቃል። ወጡ ለሰዓታት ይንተከተካል። በዚህ ላይ ሙቁ ሻወር ሲጨመር ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል፤ ሞቃት አየር የተሸከመው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የሚወርደውም ጠርዙ ላይ፣ ያ ሲሊከን ላይ ነው። የሳሙና ቅሪትና የገላ ቅባት ለሻጋታው ምግብ ይሆኑታል። የመታጠቢያ ቤት ሲሊከን ሲመረት ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ቢጨመርበትም ኃይሉ ከጊዜ ጋር ይዳከማል።

የእኛም ልማድ አስተዋጽኦ አለው። ገላን ታጥቦ መስኮት መክፈት ንፋስ ያስመታል እየተባለን ነው ያደግነው። ስለዚህ የሚሻለው ይህ ነው፦ ሰውነትን አድርቆ፣ ለብሶ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥቶ፣ ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ በሩን ከውጭ መዝጋት። ብርዱም እንፋሎቱም እዚያው ይቀራሉ፤ ወደ መኝታ ቤት አይዘልቁም።

አጸዳዱ

በመጀመሪያ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ወይም ጥጥ ጠምዝዛችሁ በበረኪና ንከሩና ጥቁሩ ላይ በረድፍ ለጥፉት። በረኪና ረጭቶ ወዲያው ማጠብ ብዙም አይጠቅምም፤ ፈሳሹ ተንሸራትቶ ስለሚወርድ ሻጋታውን በቂ ጊዜ አያገኘውም። ወረቀቱ ግን ለሰዓታት አጣብቆ ያቆየዋል። ከዚያ አንሡና በብዙ ውሃ አለቅልቁ።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አታደባልቁ። ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጠባብና መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ጥቁሩ ካልለቀቀ ሻጋታው ሲሊከኑ ውስጥ ወይም ከሥሩ ገብቷል ማለት ነው። ያኔ ያለው መፍትሔ መቀየር ነው። አሮጌውን በከተር ቆርጣችሁ ቅሪቱን ሙልጭ አድርጋችሁ ፋቁ፤ ቦታውን በበረኪና አጽዱ፣ አለቅልቁ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ ቦታ ላይ የተቀባ ሲሊከን አይይዝም፤ አሮጌው ላይ ደርቦ መቀባትም ሻጋታውን መሸፈን ብቻ ነው። አዲሱን ከመቀባታችሁ በፊት ገንዳውን ውሃ ሙሉት፤ ክብደቱ ገንዳውን ዝቅ አድርጎ ክፍተቱን ስለሚያሰፋው በኋላ ሲታጠቡበት ሲሊከኑ አይሰነጠቅም። ለመታጠቢያ ቤት የተሠራውን፣ ሻጋታ ይከላከላል የሚለውን ምረጡ። ቀብታችሁ ስትጨርሱ ውሃውን እንዳለ ተዉትና 24 ሰዓት ያህል አትታጠቡበት።

እንዳይመለስ

ከሻወር በኋላ ግድግዳውንና የገንዳውን ጠርዝ በትንሽ ጎማ መጥረጊያ አውርዱ፤ ሲሊከኑን በደረቅ ጨርቅ አብሱ። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። አየር ማውጫ ፋን ካለ ከወጣችሁም በኋላ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ይሥራ። የሻምፑ ጠርሙሶችን ከጠርዙ ላይ አንሡ፤ ከሥራቸው ውሃ ይተኛል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ቁጥሩ ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ጣሩ።

ቤቱ ራሱ ሲበላሽ

ግድግዳው የሚያፈስ፣ ፋኑ የማይሠራ ከሆነ ግን ምንም ብትወለውሉ አታሸንፉትም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አዋብ ኢሻክ የሚባል፣ ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ የሁለት ዓመት የሮችዴል ከተማ ሕፃን ሞተ። የሞቱ ምክንያት በሻጋታ በተሞላ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ በመኖሩ የያዘው የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑ በ2022 በተደረገው ምርመራ ተረጋገጠ። አባቱ ገና በ2017 ሻጋታውን ሲያመለክት ቀለም ቀባበት ነበር የተባለው። በሕፃኑ ስም የተጠራው ሕግ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ ሥራ ላይ ውሏል። የማኅበራዊ ቤት አከራዮች ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ፣ ለአስቸኳይ አደጋ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲደርሱ ያስገድዳል። ከግል አከራይ የተከራየም ለአካባቢው ካውንስል ማመልከት ይችላል።

አዲስ አበባ ላላችሁም አንድ ቃል አለኝ። አዳዲሶቹ አፓርታማዎች ውስጥ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት እየበዛ ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ የበጋው ደረቅ አየር አይደርስላችሁም። ቤት ስትገዙም ስትከራዩም ከሴራሚኩ ውበት በፊት አየሩ በየት እንደሚወጣ ጠይቁ።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሻጋታን በኀፍረት አትደብቁ። አቅማችሁ የሚችለውን አድርቁ፣ አጽዱ። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ቀኑን መዝግባችሁ ለአከራያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም አስቀሩ። በተለይ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም አስም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ነገ አትበሉ።