የወረቀት ስልክ ለአያት

ከሻንጋይ እስከ ሱጆ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቺንግሚንግ ዕለት ግን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እግዜር ያውቃል። ቺንግሚንግ ማለት ቻይናዎች የዘመዶቻቸውን መቃብር የሚጠርጉበት በዓል ነው። አብዛኞቹ ባህላዊ በዓሎቻቸው ጨረቃን ተከትለው ሲዞሩ ይህኛው በፀሐይ ስለሚቆጠር፣ በእኛ መጋቢት 26 ወይም 27 ላይ ይውላል። ሻንጋይ መሬት ስለጠበበ ብዙ ቤተሰብ ሙታኑን የሚያሳርፈው ሱጆ ነው። በዚያ ላይ በበዓሉ ሰሞን አውራ ጎዳናው ለቤት መኪና ክፍያ የለውም። ነፃ ሲባል የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ለካ የእኛ ብቻ አመል አይደለም!

ከቻይናዊት ጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር የአያቷን መቃብር ልንጠርግ ስንሄድ መኪናው ቆሞ ሲቀር፣ አባቷ ተረት ጀመሩልን። ከ2,600 ዓመት በፊት ጂየ ዝትዊ የሚባል ታማኝ ሰው፣ በስደት የተራበውን መስፍን ከገዛ ጭኑ ሥጋ ቆርጦ አበላው ይባላል። መስፍኑ ሥልጣን ሲይዝ ረሳው። ኋላ ትዝ ብሎት ቢያፈላልገው፣ ሰውዬው ከእናቱ ጋር ተራራ ላይ ተሸሽጓል። ‘ጭሱ ያወጣዋል’ ብሎ ጫካውን ለኮሰበት፤ እናትና ልጅ ተቃጥለው ተገኙ። እንዲህ ካለ ውለታ ከፋይ ይሰውረን! ተጸጽቶ በዚያ ቀን እሳት እንዳይነድ አዘዘ፤ በበዓሉ ሰሞን ቀዝቃዛ ምግብ የመብላት ልማድ ከዚያ መጣ ይላሉ።

መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ሙሾ የለም፣ ደረት የሚመታም የለም። ባልዲና ጨርቅ ወጣ፣ ሁሉም ድንጋዩን ማጠብ ያዘ። ሐውልቱ ላይ ሁለት ስም ተቀርጿል፤ የአያትየው በጥቁር፣ የሌላው በቀይ። ቀዩ የማን እንደሆነ ስጠይቅ ጓደኛዬ ወደ ሴት አያቷ አገጯን ቀሰረች። በሕይወት ያለ ሰው ስም በቀይ ይቀባል፤ ሲሞት ቀለሙ ይቀየራል። እማማ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ስም እንደ ሳህን ሲወለውሉ እኔ ነኝ የዘገነነኝ። እሳቸው እቴ!

ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ለሟቹ። ዶሮ፣ ብርቱካን፣ የሩዝ አረቄ፣ መብያ እንጨቱ ሳይቀር። አጫሽ ስለነበሩ ሲጋራ ተለኩሶ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዕጣን ተጨሶ ሁሉም ሦስት ሦስቴ እጅ ነሳ። ቀጥሎ በግቢው ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ የወረቀት ብር፣ በብርማ ወረቀት የተጣጠፈ ጥፍጥፍ ወርቅ፣ በመጨረሻም የወረቀት ስማርት ስልክ ገባ፤ ቻርጀሩ ጭምር! የጓደኛዬ አባት እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ “አባባ፣ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ አትቆጥቡ” ይላሉ። ሲም ካርዱን ከየት እንደሚያወጡ ለመጠየቅ ምላሴን አሳከከኝ። እኛ ተዝካር ስናወጣ የምናበላው ድሃውንና ካህኑን ነው፤ ለሟቹ የሚደርሰው በእነሱ ጸሎት በኩል ነው። እዚህ አማላጅ የሚባል ነገር የለም፣ ዕቃው በቀጥታ ይላካል። ስንት ከተማ ማቃጠሉን ከልክሎ አበባ ይዛችሁ ኑ ቢልም፣ ስልክን በአበባ መተካት ለልጆች የሚዋጥ አይመስልም።

ዕጣኑ ነዶ ሲያልቅ ሟቹ በልተዋል ማለት ነው፤ ተራው የእኛ ሆነ። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው። ዐቢይ ጾም ነዋ! ወጣቶቹ “ዶሮም አይሆንም? እንቁላልስ?” እያሉ አፋጠጡኝ። እማማ ግን ወዲያው ገባቸው። የቡድሃ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው፤ በጨረቃ ወር 1ኛውና 15ኛው ቀን እሳቸውም ሥጋ አይቀምሱም። ቺንግቱዋን ላነሳ እጄን ስዘረጋ መለሱኝ። ቺንግቱዋን የበዓሉ ጣፋጭ ነው፤ የሚያጣብቅ የሩዝ ሊጥ ከአሪቲ ዘመድ በሆነ ቅጠል ጭማቂ አረንጓዴ ይደረግና፣ ውስጡ የጣፈጠ ቀይ አደንጓሬ ይሞላል። ማን ይጠረጥረዋል? እማማ ሹክ እንዳሉኝ፣ አደንጓሬው የታሸው በአሳማ ስብ ነው።

ከባላቸው ድርሻ ሁለት ብርቱካን አንስተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። “ብዪ፣ እሱ እንደሆነ ጠግቧል።”