ስሙን አንዴ ጠርቶ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ አቦቦ

የአልዌሮ ግድብን የውሃ ከፍታ የሚመዘግበውን ትንሽ ፕሮግራም ዛሬ እዚሁ ግድቡ ላይ ከፈትኩት። ውሃው ድንገት ሲጨምር የስልክ መልእክት የሚልከው ክፍል እንዲህ ተጽፏል፦

ማስጠንቀቂያ(30, 6, 12, እውነት)

ኮምፓይለሩ ምንም አይልም፤ አራት ዋጋ ጠየቀ፣ አራት ተሰጠው። የመለኪያውን ዘንግ ለዓመታት ሲያነቡ የኖሩት አዛውንት ግን አጠገቤ ቁጭ ብለው ስክሪኑን አዩና፣ «ልጄ፣ 30 ያልከው ሴንቲ ነው ወይስ ደቂቃ?» አሉኝ። ሴንቲሜትር መሆኑን ነገርኳቸው። «12ስ? የጠዋቱ ነው የማታው?»

ጥያቄያቸው ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም 12 ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን 12 ሲባል የሚያውቀው እኩለ ቀንን ነው። 30ና 6 ቦታ ቢለዋወጡም ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ ማንም አያስጠነቅቅም። ይህ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተጀመረ፣ 10,400 ሄክታር መሬት ያጠጣል ተብሎ የታሰበ ነው። የውሃውን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው የኮዱን ቁጥሮች አንብበው ማረም ካልቻሉ ጥፋቱ የአጻጻፉ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

የተለመደው መፍትሔ የኦብጀክቱን ስም በየመስመሩ መደጋገም ነው፤ ማስጠንቀቂያ.ጭማሪ = 30፣ ማስጠንቀቂያ.ጊዜ = 6 እያሉ መቀጠል። ግልጽ ነው፣ ግን ያደክማል። መስመሮቹን ገልብጦ ለሌላ መለኪያ ሲያስተካክሉ አንዱ የድሮ ስም ሳይቀየር ይቀራል።

ይህን ለማቃለል ብዙ ሰው ደክሟል። ኒክላውስ ቪርት በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፓስካል ውስጥ «ዊዝ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ኦብጀክቱን አንዴ ጠርተህ ከዚያ በኋላ የክፍሎቹን ስም ብቻ ትጽፋለህ። ለዓይን ደስ ይላል። ችግሩ «ጭማሪ» የሚል ቃል ስታገኝ የማስጠንቀቂያው ይሁን በውጭ ያለ ተለዋዋጭ ከአጻጻፉ መለየት አለመቻልህ ነው። የባሰው ደግሞ ነገ ሌላ ሰው በኦብጀክቱ ዓይነት ላይ ያንኑ ስም ቢጨምር፣ ማንም ያልነካው አሮጌ መስመር በጸጥታ ትርጉሙን ይቀይራል። ጃቫስክሪፕትም ተመሳሳይ ትእዛዝ ነበረው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የመጣው ጥብቅ ሥርዓት ግን ከለከለው። ተገቢ ውሳኔ ነበር እላለሁ።

ቪዥዋል ቤዚክ ከስሙ ፊት ነጥብ በማስቀደሙ ብቻ ከዚህ ጣጣ ድኗል። ስሞልቶክ በሴሚኮለን (;)፣ ዳርት ደግሞ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ነጥቦች (..) ትእዛዞችን ለአንድ ኦብጀክት ያከታትላሉ። ኮትሊን በ«አፕላይ» ነጥቡን መልሶ ጣለው፤ አንዱ ብሎክ በሌላው ውስጥ ሲገባ ስሙ የማን እንደሆነ ስለሚያደናግር በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 1.1 ላይ ይህንን የሚገታ ምልክት መጨመር ግድ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ስለ አዲስ አጻጻፍ ያለኝን ሐሳብ በወረቀት አሰፈርኩ።

አልዌሮ = አዲስ ማስጠንቀቂያ {
  .የከፍታ_ጭማሪ = 30 ሴሜ
  .በዚህ_ጊዜ_ውስጥ = 360 ደቂቃ
  .የንባብ_ሰዓት = ጠዋት 12:00
  .መልእክት_ይላክ = እውነት
}

ነጥብ የቀደመው ስም ሁልጊዜ የኦብጀክቱ ነው፤ ነጥብ የሌለው ሁልጊዜ የውጭ ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም። የግድ መሞላት ያለበት ከጎደለ ኮምፓይለሩ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ይናገር፤ ቅንፉ እስኪዘጋ ድረስም ኦብጀክቱን ማንም አይጠቀምበት። ቁጥር ያለ መለኪያው አይጻፍ። በ1999 እ.ኤ.አ. የናሳ መንኮራኩር ማርስ ደርሶ የጠፋው አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መለኪያ፣ ሌላው በሜትሪክ ስላሰላ ነው። «6 ሰዓት» ያላልኩትም ለዚሁ ነው፤ በአማርኛ የቀኑ እኩሌታም፣ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ጊዜም ሊሆን ይችላል።

ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ሲያስጠጉ አንዱ ስለ ጓደኛው፣ «ሌሊት ተነሥቶ፣ መረቡን ዘርግቶ፣ ጎትቶ፣ ለይቶ ሸጠ» ሲል ሰማሁ። ባለቤቱን በየግሱ የደገመው የለም፤ የማን ሥራ እንደሆነ ግን አልጠፋም፤ እያንዳንዱ ግስ የባለቤቱን ምልክት ጫፉ ላይ ይዟል። መጨረሻ ላይ «ሸጠ» እስኪመጣም ዐረፍተ ነገሩ አይዘጋም። የእኔ ነጥብና መዝጊያ ቅንፍ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አማርኛ ለሚናገር ጀማሪ ይህ አጻጻፍ ባዕድ አይሆንበትም ብዬ አምናለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ወረቀቱን ለአዛውንቱ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ፤ ቅንፉን ዘለሉት፤ ነጥቡን ግን በጣታቸው እየነኩ አለፉ። የንባብ ሰዓቱ ላይ ቆሙ። «የጠዋቱ ብቻ በክረምት አይበቃም። ደጋው ላይ ቀን የዘነበው እኛ ጋ ሲደርስ ይመሻል። የማታውንም ጨምርበት።» ጨመርኩ። ሐሙስ ዕለት ባየናት መስመር ላይ ይህን እርማት ሊሰጡ አይችሉም ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አዲስ አበባ ያለ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ ተከራከረኝ። «ፓይተንም ኮትሊንም ዋጋን ከነስሙ መስጠት ይፈቅዳሉ፤ ሲ ሻርፕ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅንፍ መሙላት ይችላል። አዲስ ሕግ ምን ያደርጋል?» ግማሹ እውነት ነው። ኦብጀክት ሲፈጠር ስም ያለው ዋጋ ይበቃል። ቀድሞ የተፈጠረውን ሲያስተካክሉ ግን አያገለግልም፤ የእኛ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በየወቅቱ ይስተካከላል። ጃቫ ስም ያለው ዋጋ ስለሌለው ሰዉ ለአንድ ኦብጀክት ሌላ ገንቢ ክፍል ይጽፋል፤ ዐሥር መስመር ለማሳመር መቶ መስመር።

ስሞቹን በግዕዝ ፊደል መጻፌንም ጠየቀኝ። ፓይተን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይፈቅዳል፣ ኮትሊንና ጃቫም እንዲሁ፤ ዳርት ግን የላቲን ፊደል ብቻ ይቀበላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን እናሠለጥናለን በምንልበት አገር ይህ እንደ ጌጥ ሊታይ አይገባም።

አንድ ጥያቄው ግን አሳሰበኝ። ማስጠንቀቂያው በሥራ ላይ እያለ ቅንፉን ከፍቼ ሁለት ዋጋ ብቀይር፣ የመጀመሪያው ተቀይሮ ሁለተኛው ሳይቀየር መልእክት ቢላክስ? ለውጦቹ ቅንፉ ሲዘጋ በአንድ ጊዜ መጽናት አለባቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ካልተሳካም ሁሉም በነበሩበት ይቆዩ። ይህ ኮምፓይለሩን ተጨማሪ ሥራ ያስከፍለዋል፣ ቅጂ መያዝ ስላለበት ማህደረ ትውስታም ይወስዳል። ለግድብ ማስጠንቀቂያ ግን ዋጋው ትንሽ ነው። ወደ ጋምቤላ ከመመለሴ በፊት በሐሳቡ ላይ አራተኛ ሕግ አድርጌ እጽፈዋለሁ።